በዋሽንግተን ስቴት የፖሊስን የኃይል አጠቃቀም ሕግ ለማስቀየር ስንሠራ ያየሁት

በምኖርበት በዋሽንግተን ስቴት ከ1986 ጀምሮ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሥራ ላይ በነበረው ሕግ መሠረት፣ ሰው የገደለን ፖሊስ በወንጀል ለማስቀጣት ዐቃቤ ሕግ የፖሊሱን ክፉ ሐሳብ ማስረዳት ይጠበቅበት ነበር። በልብ ውስጥ ያለን ክፋት በማስረጃ ማረጋገጥ እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ፣ ድንጋጌው በተግባር የክስን በር የዘጋ ነበር ማለት ይቻላል። እኔ የሕግ ባለሙያ አይደለሁም፤ በደቡብ ሲያትል ነዋሪ እንደመሆኔ በ2017 ይህን ሕግ ለመቀየር በመራጮች ፊርማ ለሚቀርበው፣ ኢኒሼቲቭ 940 ለተባለው የሕግ ሐሳብ ፊርማ ከሚያሰባስቡት በጎ ፈቃደኞች አንዱ ሆንኩ።

ሥራው ከውጭ እንደሚታየው ቀላል አልነበረም። ወደ 260,000 የሚጠጋ ትክክለኛ ፊርማ ያስፈልግ ነበር፤ ትክክለኛ የሚባለውም የተመዘገበ መራጭ የፈረመው፣ በምዝገባው ላይ ካለው ፊርማ ጋር የሚመሳሰል ነው። በቤተ ክርስቲያን ግቢ ከቅዳሴ በኋላ ቅጹን ይዘን ስንቆም፣ ብዙ እናቶች ለምርጫ ሲመዘገቡ በላቲን ፊደል የፈረሙ ቢሆኑም እኛ ፊት ግን በለመዱት በግዕዝ ፊደል መፈረም ይጀምሩ ነበር። «እማማ፣ ለምርጫ ሲመዘገቡ እንዴት ነበር የፈረሙት?» ብሎ አስቀድሞ መጠየቅ፣ ስለ ፍትሕ ረጅም ንግግር ከማድረግ የበለጠ ጠቀመን። ዜግነት ያላገኙትን ደግሞ ሳናስቀይም መመለስ ነበረብን፤ እነርሱ በኋላ ለምስክርነት ጠቃሚ ሆነዋል፤ በስቴቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ቀርቦ ለመናገር ዜግነት አይጠየቅምና።

በ2018 ምክር ቤቱ ሐሳቡን ከማሻሻያ ጋር ቢያጸድቀውም፣ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጽሑፍ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብ ወሰነ። በኅዳርም ወደ 60 በመቶ በሚጠጋ ድጋፍ አለፈ። በዚህ ሂደት ውስጥ ያስደነቀኝ፣ ዘመዶቻቸው የተገደሉባቸው ቤተሰቦችና የፖሊስ ማኅበራት በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጠው ስለ አንድ አንቀጽ መነጋገራቸው ነው። መስፈርቱ ፖሊሱ በልቡ ያሰበው ሳይሆን፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ውስጥ ያለ ምክንያታዊ ፖሊስ ገዳይ ኃይል አስፈላጊ ነው ብሎ ያምን ነበር ወይ የሚለው ጥያቄ እንዲሆን ተስማሙ፤ በ2019 መጀመሪያ የወጣው ማሻሻያም ይህንኑ አጸና። ተቃዋሚ ብለን የፈረጅናቸው ሰዎች የሕግ አማካሪዎች ረቂቁን ከእኛ በላይ በጥንቃቄ አንብበውት ነበር፤ እንዲህ ያለውን አንባቢ ደግሞ ከድምፅ አሰጣጡ በፊት ማግኘት ይሻላል።

ጆርጅ ፍሎይድ በ2020 በሚኒያፖሊስ በፖሊስ እጅ ከተገደለ በኋላ በመጣው የምክር ቤቱ የ2021 ጉባኤ ብዙ ረቂቆች በአንድ ጊዜ ቀረቡ። የኮቪድ ወረርሽኝ በስቴቱ ዋና ከተማ በኦሎምፒያ ያለውን የምክር ቤት አዳራሽ ስለዘጋው ምስክርነት በኢንተርኔት ይሰጥ ነበር። ይህም ጎማ ቤት ወይም ታክሲ ላይ የሚሠራ ሰው ቀኑን ሳያጠፋ እንዲናገር ስለረዳው፣ ለእኛ ሰዎች ትልቅ ዕድል ሆነ። የሚሰጠው ጊዜ ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ደቂቃ ስለማይበልጥ፣ እያንዳንዱ ሰው የረቂቁን ቁጥር፣ የሚኖርበትን ከተማ፣ የሚደግፈውን አንድ አንቀጽና ምክንያቱን ብቻ እንዲናገር በስልክ እያለማመድን እናቀርብ ነበር። ለሰላምታና ለምስጋና የለመደ አንደበት ይህን ሲሰማ መጀመሪያ ቅር ይለዋል። መናገር የማይፈልግ ሰው ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ደጋፊ መሆኑን ብቻ ሊያስመዘግብ ይችላል፤ እንደራሴዎቹም ይህን ቁጥር ይመለከቱታል።

ሕጎቹ በሐምሌ 2021 ሥራ ላይ ሲውሉ ነው ዋናውን ነገር የተማርኩት። ረቂቅ 1054 አንገት ማነቅን ከልክሎ፣ በወታደራዊ መሣሪያ ዝርዝር ውስጥ ደግሞ 0.50 ካሊበርና ከዚያ በላይ የሆነ መሣሪያ ሁሉ እንዲካተት አደረገ። የታሰበው ከባድ ጠመንጃ ነበር፤ ነገር ግን ለመግደል ያልታሰቡትን የባቄላ ከረጢትና የስፖንጅ ጥይት የሚተኩሱ መሣሪያዎችም አፈ ሙዛቸው ከዚያ ስለሚሰፋ፣ ገዳይ ጥይትን ለማስቀረት የወጣ ሕግ አማራጩን መሣሪያ ከፖሊስ እጅ የሚያስወጣ ሆነ። ረቂቅ 1310 በበኩሉ ኃይል የሚፈቀድባቸውን ሁኔታዎች ስላጠበበ፣ አንዳንድ የፖሊስ መሥሪያ ቤቶች የአእምሮ ሕመም ወዳለበት ሰው ዘንድ መሄድ አቆሙ። አንዲት የማውቃት እናት ልጇ ታሞ ወደ አስቸኳይ ጊዜ ስልክ ቁጥር 911 ብትደውል፣ የመጡት ፖሊሶች «አዲሱ ሕግ እጃችንን አስሮታል» ብለው በር ላይ ቆመው ተመለሱ። ሕጉ እንዲህ እንደማይል ብንከራከርም፣ ለዚያች እናት የእኛ ትርጓሜ ምንም አልፈየደላትም።

ስለዚህ በ2022 የስድሳ ቀኑ አጭር ጉባኤ ሲከፈት የእኛ ቡድን ሁለት አቋም ያዘ፤ የመሣሪያውን አንቀጽና የአእምሮ ሕሙማንን ጉዳይ የሚያስተካክሉትን 1719ንና 1735ን ደገፍን፣ በምርመራ ወቅት ከፖሊስ ለመሸሽ በሚሞክር ሰው ላይ ኃይል መጠቀምን የሚፈቅደውን 2037ን ተቃወምን። ሦስቱም አለፉ። የራስን ሕግ ለማረም ቀድሞ መቅረብ በመጨረሻው ረቂቅ ላይ ተሰሚነታችንን እንደጨመረልን አምናለሁ፤ አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቼ ግን ዛሬም በዚህ አይስማሙም።

የ940 መስፈርት በችሎት የተፈተነው ከዚያም ዘግይቶ ነው። በ2019 በኦበርን ከተማ ሰው የገደለ ፖሊስ በ2020 ተከሶ፣ በሰኔ 2024 በግድያ ወንጀል ጥፋተኛ ተባለ። እኛ አሁን የምንሠራው ከዚህ ያነሰ የሚመስል ሥራ ነው፦ የስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ በ2022 ያወጣውን የኃይል አጠቃቀም አርአያ መመሪያ ከየከተማው ፖሊስ መመሪያ ጎን አስቀምጠን፣ አንቀጽ ከአንቀጽ እያነጻጸርን፣ ልዩነት ያየንበትን ገጽ ለከተማው ምክር ቤት እንልካለን።