ሁለት ኩንታል ውሃ በበርበሬ ዋጋ

ጎጃም፣ ቡሬ፣ ጥር ወር፣ የአንድ ላኪ መጋዘን በር ላይ 40 ኩንታል ዛላ በርበሬ የጫነ አይሱዙ ቆሟል። ተረካቢው ከላይኛው ረድፍ ሦስት ማዳበሪያ አስከፈተ። የእርጥበት መለኪያው 10 ከመቶ አካባቢ ሲያሳየው «አውርዱ» አለ። ከመሃል የወጣ አንድ ማዳበሪያ ግን ቀድሞ ብልሹውን ዛላ በሚለዩት ለቃሚዎች ፊት ተገልብጦ ነበር። አንዷ ለቃሚ ዛላ አንስታ አጠፈች። ደረቅ ዛላ ሲታጠፍ ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሲነቀንቁትም ፍሬው ይንሿሿል። ይሄኛው እንደ ቆዳ ታጥፎ ተመለሰ።

«አያ፣ ይሄ ውሃ ነክቶታል እኮ» አለችው ደላላውን።

«የምን ውሃ፣ እቴ! በመንገድ እንዳይሰባበር ትንሽ አርከፍከፍ አድርገንበት ነው።»

ደላላው ሙሉ በሙሉ አልዋሸም። በጣም የደረቀ ዛላ በጭነት ይደቃል፣ የተሰባበረ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል። ግን ሚዛኑም ይቆጥራል። የጭነቱ እርጥበት በአማካይ 15 ከመቶ ከሆነ ከ40 ኩንታሉ ደረቁ 34 ብቻ ነው። ያው 34 ኩንታል በ10 ከመቶ እርጥበት ቢመዘን 37 ኩንታል ከ78 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ 2 ኩንታል ከ22 ኪሎ ውሃ በበርበሬ ዋጋ ተገዛ ማለት ነው።

ለቃሚዋ ተናግራም ጭነቱ ወረደ። ለምን ቢባል የዶላሩ ነገር ነው። ይህ የሆነው ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በፊት ነው። ያኔ ብዙ ላኪ የሚያተርፈው ከሚልከው ዕቃ ሳይሆን በዶላሩ ከሚያስገባው ሸቀጥ ነበር፤ ለዚያ ሲል አገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ውጭ በኪሳራ መሸጥም ያዋጣው ነበር። እንዲህ ያለ ገዢ ኮንትራቱ የሚሞላበትን ቀን እንጂ የመሃል ማዳበሪያውን አያይም። በርበሬውን ከመሬት ከፍ ባለ ማድረቂያ አልጋ ላይ አድርቆ ያመጣ ገበሬና መሬት ላይ አስጥቶ ውሃ ያርከፈከፈ ነጋዴ እኩል ከተከፈላቸው፣ በሚቀጥለው ዓመት አልጋ የሚሠራ ማን ነው?

ጭነቱ በዚያው አየር በማያሳልፍ የላስቲክ ማዳበሪያ፣ ከሲሚንቶው ወለል ላይ፣ ግድግዳ ተደግፎ ሦስት ሳምንት ተደረደረ። የእንጨት ርብራብ አልነበረውም፤ ከግድግዳውም ግማሽ ሜትር እንኳ አልራቀም። ሲከፈት ዛላው ከውጭ እንደ ቀላ ነው። ሰንጥቀው ሲያዩት ግን ፍሬው የተጣበቀበት ሥር ላይ አመድማ ጸጉር አብቅሏል።

ባለቤቱ «እናስፈጨው» አለ፤ እሴት የተጨመረበት ምርት ይላክ የሚለው መመሪያም ይደግፈዋል። መጥፎው ምክር ይህ ነበር። ዛላ እያለ የሻገተውን ለቃሚ ትለየዋለች፤ ከተፈጨ በኋላ ግን አንዱ የሻገተ ዛላ መቶውን ጤነኛ ይበክላል። አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታው መርዝ በመፍጨት አይጠፋም፣ በማመስም እንዲሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ለበርበሬ የሚፈቅደው ጠቅላላ አፍላቶክሲን በኪሎ 10 ማይክሮግራም ነው። በእኛ ሚዛን ሲሰላ በ1,000 ኩንታል ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው። በቀረጥ በኩል ችግር የለም፤ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንደ ኢትዮጵያ ያሉ በልማት ወደ ኋላ የቀሩ አገሮች ከጦር መሣሪያ በቀር ያላቸውን ሁሉ ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ያስገባሉ። ተደራዳሪዎች ለዓመታት የሚከራከሩበት የቀረጥ በር ለጎጃም በርበሬ ድሮ ተከፍቷል። የሚዘጋው የቡሬዋ ማዳበሪያ ውስጥ ነው።

አዲስ አበባ የተላከው የዱቄት ናሙና ከገደቡ በላይ ሆኖ ተመለሰ፤ የውጭ ገዢውም ኮንትራቱን ሰረዘ።

መጋዘኑ ከዚያ ወዲህ ማዳበሪያ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች እያስገለበጠ ይለካል፤ ሲከፍልም በደረቅ ሚዛን ነው። 15 ከመቶ እርጥበት ይዞ የመጣ 100 ኩንታል እንደ 94 ኩንታል ከ44 ኪሎ ይታሰባል። ደላሎቹ አንድ ሰሞን አኩርፈው ወደ ጎረቤት መጋዘን ሄዱ። ውሃ ማርከፍከፉ የቀነሰው ጎረቤቱም እንዲሁ መክፈል ሲጀምር ነው።

የተመለሰው ዱቄት አልተጣለም። የአገር ውስጥ ነጋዴ መጥቶ አንስቶታል፤ ናሙና ልውሰድ ያለው አልነበረም።