የከተማችንን የቁጥጥር ክፍያ እንዴት እንዳስጨመርን

የምሠራው ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ ከተማ የምህንድስና ክፍል ነው። እዚህ አልሚው ሰፈር ሲገነባ መንገዱን፣ የፍሳሽ መስመሩንና የእግረኛ መንገዱን ራሱ ሠርቶ ለከተማው ያስረክባል። ከዚያ ወዲያ ጥገናው የእኛ ነው። ስለዚህ ኢንስፔክተሮቻችን ካሳፎርማው (የኮንክሪቱ ቅርጽ መያዣ) ኮንክሪት ሳይፈስበት፣ የቧንቧው ቦይ አፈር ሳይለብስ ደርሰው ማየት አለባቸው። አልሚው ለዚህ ቁጥጥር የሚከፍለን ክፍያ ግን ለዓመታት ሳይነካ ስለቆየ ወጪያችንን አይሸፍንም ነበር። ጉድለቱ የሚሞላው ከጠቅላላ በጀቱ ነው፤ ከቤተ መጻሕፍቱና ከመናፈሻው ጋር እየተሻማን ማለት ነው።

ጭማሪውን እንዳጠና ስታዘዝ ብዙዎች የጎረቤት ከተሞችን ታሪፍ ሰብስብ አሉኝ። ሰበሰብኩ። ለምክር ቤት አባላት ያምራል፤ ሕጉ ግን ጎረቤትህ ስንት ያስከፍላል አይልም። በ2010 እ.ኤ.አ. የካሊፎርኒያ መራጭ በድምፅ ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 26 የተባለ ሕግ ክፍያው ግብር እንዳልሆነ የማስረዳቱን ሸክም የጣለው በከተማው ላይ ነው። ከአገልግሎቱ ተገቢ ወጪ መብለጥም አይችልም።

እንግዲህ የሚያዋጣው ሰዓት መቁጠር ነው። ኢንስፔክተሮቹ በየፕሮጀክቱ ያዋሉትን ጊዜ እንዲመዘግቡ ጠየቅን፤ «ልትቆጣጠሩን ነው» ብለው አኮረፉ። መዝገቡ ከሌለ በሚቀጥለው በጀት መጀመሪያ የሚቆረጠው የእነሱ መደብ እንደሆነ ስናስረዳቸው ለዘብ አሉ። ቀጥሎ የሰዓት ዋጋ ማውጣት መጣ። አንድ ሠራተኛ በዓመት 2,080 ሰዓት ይከፈለዋል፤ ፈቃድ፣ በዓልና ሥልጠና ሲቀነስ ግን ሜዳ ላይ የሚውልበት ሰዓት በጣም ያንሳል። ደሞዝ፣ ጡረታ፣ የጤና መድንና መኪናው የሚካፈሉት በዚህ በቀረው ነው። በ2,080 ካካፈሉት ገና ከመነሻው ከስረዋል።

መዝገቡ ያወጣው ጉድ የትንንሽ ሥራዎች ነገር ነው። ክፍያችን የግንባታው ግምት መቶኛ ስለነበር ለአንድ ቤት የመኪና መግቢያ የሚከፈለው እዚህ ግባ አይባልም፤ ኢንስፔክተሩ ግን ደጋግሞ ይመላለሳል። ትልልቆቹ ፕሮጀክቶች ደግሞ ከወጪያቸው በላይ ይከፍሉ ነበር። መቶኛውን በደረጃ ከፋፍለን ለትንሹ ከፍ፣ ለትልቁ ዝቅ አደረግነው። የቤቱን ደጃፍ የእግረኛ መንገድ ለሚጠግን ባለቤት ምክር ቤቱ አዘነለትና ዋጋውን ዝቅ አደረገ። ጥሩ ነው፤ ልዩነቱን ግን ራሱ ከበጀቱ መሸፈን ነበረበት፤ በአልሚው ላይ መጫን አይፈቀድም።

አልሚዎቹን ያነጋገርናቸው ክፍያው ከሚጸድቅበት የምክር ቤት ስብሰባ አስቀድመን ነው፤ ይህን ለማንም እመክራለሁ። ዋጋው ያን ያህል አላስጨነቃቸውም። «ዛሬ ስንደውል ነገ ሰው ይመጣል?» ነው ጥያቄያቸው። ኮንክሪት ታዝዞ ሠራተኛ ቆሞ መጠበቅ ከእኛ ጭማሪ ይበልጥባቸዋል። ስለዚህ ጭማሪውን ከተጨማሪ ኢንስፔክተር ቅጥር ጋር አያይዘን አቀረብነው። ሥራው ሳይደርስ ለሚጠራን የድጋሚ ምርመራ ክፍያ ጨመርን፤ እነሱም አልተከራከሩም።

የወጪው ስሌት ከስብሰባው ቢያንስ 10 ቀን ቀድሞ ለሕዝብ ክፍት መሆን አለበት፤ ክፍያው ከጸደቀ በኋላም 60 ቀን ሳይሞላ አይጀምርም። በዚህ ክፍተት አልሚው ሁሉ በአሮጌው ዋጋ ለመክፈል መስኮታችን ላይ ይሰለፋል። ስለዚህ የትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ ማመልከቻው የገባበት ይሁን ፈቃዱ የተሰጠበት፣ ውሳኔው ላይ በግልጽ ይጻፍ። እኛ ፈቃዱ የተሰጠበት ብለን ጽፈን ነበር፤ ሰልፉ ቢረዝምም ክርክር አልመጣብንም።