ጣርማ በር ላይ ጌታ ደረሰልን

ጌታ ይባረክ! ይህን ስጽፍ እንኳ እንባዬ ይቀድመኛል።

ሙያዬ ፒያኖ መጠገንና መቃኘት ነው። በ2010 ዓ.ም. ከባለቤቴ ጋር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን መጣን። ኪራዩ ይቀላል፣ የደሴም መንገድ በደጃችን ያልፋል ብለን፣ ጸልየንበት ነው የመጣነው። ሥራ ግን የለም። ብዙው ሰው ያለው ኪቦርድ ነው፤ ኪቦርድ ደግሞ ቃኚ አይፈልግም። በክረምት የቃኘሁት አንድ ፒያኖም በጋ ሲገባ ደረቁ ብርድ እንጨቱን አኮማተረውና ድምፁ ወረደ። ባለቤቱ "አልቻልክበትም" ብሎ አሰናበተኝ። ወራት እንዲሁ አለፉ።

እውነቱን ልናገር፣ በእግዚአብሔር ተቆጥቼ ነበር። እስራኤል ሙሴን "በግብፅ መቃብር ጠፍቶ ነው?" እንዳሉት፣ እኔም "እዚህ ብርድ ላይ ልትጥለኝ ነው ያመጣኸኝ?" ብዬ ጮኼበታለሁ። ባለቤቴ ግን ከጉልበቷ አልተነሣችም። እሷን የሰጠኝ ጌታ ይመስገን!

በ2011 ክረምት ኮምቦልቻ ካለ ቤተ ክርስቲያን ተደወለልኝ። የፒያኖአቸው ክሮች የሚጠመጠሙባቸው ብረቶች ላልተዋል፤ እዚያው የሚጠገን አልነበረም። አይሱዙ ተከራይተን ወደ ደብረ ብርሃን ጫንነው።

ደብረ ሲና ስንደርስ መሸ። ወደ ጣርማ በር ዋሻ የሚወጣውን ዳገት ስንጀምር ጉሙ መንገዱን ዋጠው። እኔ ፒያኖው እንዳይጎዳ ብዬ ከኋላ ጭነቱ ላይ ነበርኩ። ዋሻው ሳንደርስ ሞተሩ ጠፋ። መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ። ከታች ገደል ነው። ገመዱ ተበጠሰና ከ200 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ፒያኖ ወደ እኔ መጣ። ጀርባዬን ለኋላው በር ሰጥቼ በእግሬ ገፋሁት። "ኢየሱስ!" አልኩ። ሌላ ጸሎት አልመጣልኝም። ከዚያ ሳላስበው "ዓይኖቼን ወደ ተራሮች አነሣሁ፤ ረዳቴ ከወዴት ይምጣ?" የሚለው ከአፌ ወጣ። ተራራው እንኳ አይታይም ነበር።

የሾፌሩ ረዳት ዘሎ ወረደ። ጎማው ሥር ታኮ ወረወረ፤ አልያዘም። ትልቅ ድንጋይ ጨመረበት። ቆምን!

ወዲያው ከታች የከባድ መኪና ድምፅ መጣ። በዚያ ጉም አያየንም፣ ይገጨናል። ያ ልጅ የስልኩን መብራት እያውለበለበ ወደ ታች ሮጠ። ልጄ፣ ያለህበት ሁሉ ጌታ ይጠብቅህ። መኪናው ቆመ። ሾፌሩ ሰንሰለት ይዞ ወረደ፣ "አይዞህ ወንድሜ" አለኝ፣ እስከ ዋሻው ድረስም ጎተተን። ብር ስዘረጋለት "የመንገድ ነገር ነው፣ ነገ የእኔ ተራ ነው" ብሎ መለሰልኝ። ስሙን እንኳ አልጠየቅሁትም። እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ፒያኖው ሳይሰነጠቅ ደብረ ብርሃን ገባ። ወደ 230 የሚጠጉ ክሮቹን አውርጄ፣ ብረቶቹን በወፈሩ ቀይሬ፣ እንደገና ወጠርኩት። ለገና ተዘመረበት፤ ሃሌሉያ! ከዚያ አንዱ ለአንዱ እየነገረ ከደሴም ከአዲስ አበባም ይጠሩኝ ጀመር። አሁን ለደንበኞቼ በክረምትና በበጋ መቃኘት እንዳለበት አስቀድሜ እነግራቸዋለሁ። ኪራያችንን ከዚሁ ሥራ እንከፍላለን።

የራሳችን የጭነት መኪና ገና የለንም። ወገኖቼ፣ በጸሎት አስቡን።