አንድ አሮጌ ፊልም ወደ አማርኛ እንዴት መለስኩ

ትርጉም ፊልም ሁላችንም እናውቀዋለን። አንድ ሰው ብቻውን ወንዱንም ሴቱንም ሕፃኑንም ሆኖ ይተርካል፣ ከሥሩ እንግሊዝኛው ይንጫጫል። እናቴ ከዚህ ሌላ የውጭ ፊልም አታይም፤ ስክሪኑ ሥር የሚሮጠው ጽሑፍ ያደክማታል። ቃና በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ሲያመጣ ሰው ምን ያህል ተርቦ እንደነበር ታይቷል። ፊልም ሲሆን ግን ፈቃድ ያለው ትርጉም ልግዛ ቢባል የት ተብሎ ይገዛል? ያለው ፍላሽ ማስጫን ነው።

እኔም ልሞክር አልኩ። በአዋጅ 410/1996 መሠረት የመተርጎም መብት የሥራው ባለቤት ነው። ከሆሊውድ ፈቃድ መግዛት ደግሞ በእኔ ኪስ አይታሰብም። ስለዚህ ባለቤት የሌለው ፊልም ፈለግኩ፤ «ናይት ኦፍ ዘ ሊቪንግ ዴድ»፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1968 የወጣ። አከፋፋዩ ርዕሱን ሲቀይር የቅጂ መብት ማስታወቂያው አብሮ ቀረ። በጊዜው በነበረው የአሜሪካ ሕግ ይህ ብቻ ፊልሙን የሁሉም አደረገው።

ትርጉሙ ይከብዳል ብዬ ነበር፤ የከበደው ድምፁ ነው። ፈቃድ የገዛ ስቱዲዮ ሙዚቃውንና የአካባቢውን ድምፅ ብቻ የያዘ ትራክ ከባለቤቱ ይሰጠዋል። እኔ ያለኝ ሁሉም አንድ ላይ የተደባለቀበት ነው። የፊልሙ ዋና ሰው ቤን መስኮቱን በጣውላ ሲቸነክር ሬዲዮው ያወራል። የሬዲዮውን እንግሊዝኛ ስቆርጠው መዶሻውም አብሮ ጠፋ፤ ሰውዬው በዝምታ ይቸነክራል! ጎረቤቴ አናጢ ነው፣ እሱ ጣውላ እየመታልኝ በስልክ ቀድቼ እያንዳንዱን ምት ከእጁ ጋር ገጠምኩ። ትርጉም ፊልም ላይ እንግሊዝኛው ለምን ከሥር እንደሚተው ያኔ ገባኝ። ስንፍና አይደለም።

ሌላው፣ ትርጉም በወረቀት ላይ አይለካም። «እባክህ በሩን ቶሎ ዝጋው» ብዬ የጻፍኩት ተዋናዩ አፉን ከገጠመ በኋላም አላለቀም። «ዝጋው!» ይበቃል፤ በሩ እየታየ ነው። ለጀማሪ የምመክረው በሬዲዮው ንግግርና ፊታቸው በማይታይ ሰዎች እንዲጀምር ነው። ሴቶቹን እህቴ ሠራች፣ ድምፁ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተከናንባ። ክረምት ላይ ግን አትሞክሩት፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ማንንም አያናግርም።

ዩቲዩብ ላይ በነፃ ጫንኩት። ብዙም ሳይቆይ ፍላሽ ቤት ውስጥ አገኘሁት።

«ይሄ አሪፍ ነው ወንድሜ፣ ድምፁ ለየብቻ ነው» ብሎ ልጁ ለእኔው ሊሸጥልኝ!

አዋጁ ለትርጉምም ጥበቃ ስለሚሰጥ መናደድ እችል ነበር። እኔ ግን ማን እንደሚወስደው ጠየቅኩት። የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ረዳቶች ናቸው አለኝ፤ እንግሊዝኛ ሲከፍቱ ተሳፋሪው ይጮህባቸዋል። ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ ብለውስ? «ዳታው ከፍላሹ ይበልጣል።»

ቀጣዩን ፊልም እኔው በፍላሽ አመጣለታለሁ፣ ስሜም ከፊት ይገባል። ድርሻው ላይ ገና እየተከራከርን ነው።