ሰርፍ በከዚራ አስፋልት ላይ

ከሐረር ወደ ድሬዳዋ ስንወርድ የደንገጎ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ዓይን ይስባል። በሰርፍ ስኬት፣ ማለትም የባሕር ማዕበል ላይ በቦርድ መንሸራተትን (ሰርፍን) በየብስ ለመለማመድ በተሠራ ባለጎማ ቦርድ፣ ግን አይሞከርም። የዚህ ቦርድ የፊት አክስል ከተራ ስኬትቦርድ ይለያል፤ ወደ ግራና ቀኝ የሚዞር ክንድ አለው፣ አንዳንዱ ላይ ክንዱን ሞላ ይመልሰዋል። በዝግታ ሲነዳ ውሃ ላይ እንዳለ ቦርድ የሚጠመዘዘው በዚህ ነው፤ ቁልቁል ፍጥነት ሲጨምር ያው ልልነት ወደ መንቀጥቀጥ ይለወጥና ሰውን ይጥላል። ጀጎል ደግሞ ጠባብና ድንጋያማ ነው፣ ሐረር ላይ ቦርዱን ከሻንጣ አላወጣነውም።

ድሬ ላይ ቦታው ከዚራ ነው። የባቡር መሐንዲሶች የቀየሱት ሰፈር በመሆኑ መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ለጥ ያለ፣ የዛፍ ጥላ ያለው ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 1 ሰዓት ተኩል ባጃጅም ፀሐይም አይበረታም። ጥላው ግን ዋጋ ያስከፍላል፦ የረገፈ ፍሬና ጠጠር ሳይጠረግ አይጀመርም። 70 ሚሊ ሜትር ጎማ እንኳ ትንሽ ጠጠር ሲነክስ ቀጥ ይላል፤ ሰውዬው ግን አይቆምም። ሄልሜትና የእጅ አንጓ መከላከያ ለዚህ ነው።

አቋቋሙ ቀላል ነው። የፊት እግር ከፊተኞቹ ቡሎኖች ትንሽ ወደኋላ፣ ገደድ ብሎ፤ የኋላው በኋለኞቹ ቡሎኖች ላይ። ስድስት ባዶ ሃይላንድ በ3 ሜትር ልዩነት ደርድረን በመካከላቸው እግር መሬት ሳይነካ ማለፍ የመጀመሪያው ልምምድ ነው። ወደ መታጠፊያው ሲገቡ ጉልበት ይታጠፋል፣ ሲወጡ ይዘረጋል፤ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቅደም ተከተሉ ዓይን፣ ትከሻ፣ ዳሌ፣ ጉልበት ነው፤ ቦርዱ መጨረሻ ይከተላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የፊቱ አክስል በቀላሉ ስለሚዞር ቁርጭምጭሚትን ብቻ እያወዛወዙ መሄድ ይቻላል፣ ያምራልም። ባሕር ላይ ግን ቦርዱን የሚያዞሩት ከኋላ ከሥሩ ያሉት ክንፎች ናቸው፤ ክብደቱ ወደ ኋላ እግር ካልሄደ ቦርዱ አይታጠፍም። በከዚራ የተለመደው ውዝወዛ ማዕበል ላይ እዳ ይሆናል። ለመለየት ከጎን በስልክ መቅረጽ ይበቃል፦ ትከሻው ሳይዞር ቦርዱ ከተወዛወዘ ልምዱ ተበላሽቷል ማለት ነው። መድኃኒቱ ሃይላንዶቹን ወደ 4 ወይም 5 ሜትር ማራቅ ነው፤ ሰፊ ቅስት በቁርጭምጭሚት ብቻ አይሠራም።

ቀጥሎ በጠመኔ 15 ሜትር መስመር ይሰመራል፤ እሱ የማዕበሉ ጫፍ ነው። በ3 ሜትር ርቀት ትይዩ እየሄዱ እጅ አስፋልቱን ሊነካ እስኪቀርብ ዝቅ ማለት፣ መስመሩ ላይ አንድ ነጥብ ማየት፣ ወደዚያ እየተዘረጉ መውጣት፣ ጠመኔው ጋ ሲደርሱ ትከሻን ወደመጡበት መመለስ። ግራ እግሩን የሚያስቀድም ሰው መስመሩ በቀኙ ከሆነ ፊቱን፣ በግራው ከሆነ ጀርባውን ይሰጠዋል። ሁለተኛው ከባድ ነው፣ ስለዚህ ጊዜውን እጥፍ ስጡት። ጎማው የቦርዱን ሆድ ከነካ ወዲያው ያቆማል፤ ከአክስሉና ከቦርዱ መካከል ወፍራም የጎማ ንጣፍ መጨመር ነው።

ባሕር ላይ የሚያስፈልገው በእጅ መቅዘፍና ቦርዱ ላይ በደረት ከተኙበት ብድግ ብሎ መቆም በጎማ አይለመድም። ለመቆሙ የደረቀው የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ተመችቶናል፦ ቦርድ ሳይኖር በደረት ተኝቶ፣ እጅን ከጎድን አጠገብ ተክሎ፣ በአንድ ጊዜ በሁለት እግር ማረፍ፣ አሥር አሥር ጊዜ። ጉልበት መጀመሪያ አሸዋ ከነካ አይቆጠርም። በክረምት ግን ወንዙ ውስጥ አይገባም። ከተማው ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ደጋው ላይ የዘነበው ይደርሳል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደረሰውን ጎርፍ ድሬ አልረሳውም።

ቦርዱን ወደ አሸዋው አትውሰዱት። አሸዋ የገባበት የጎማ ኩሽኔታ ይንጫጫል፣ ከዚያ ይነክሳል። ቁጥሩ 608 ነው፤ ውስጡ 8፣ ውጩ 22፣ ስፋቱ 7 ሚሊ ሜትር። በ13 ቁጥር ቁልፍ የጎማውን ዳዶ ፈትቶ፣ ኩሽኔታውን በቤንዚን ከእሳት ርቆ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ሁለት ጠብታ ቀጭን ዘይት ማድረግ ነው። ግራሶ አቧራ ስለሚይዝ እዚህ አይሆንም። ዳዶው ሲመለስ እስከመጨረሻው ጠብቆ ሩብ ዙር ይላላ፤ ጎማው በጣት ሲመታ በነፃ መዞር አለበት።