ፍኑ የሚባል ስም የለኝም

ይህን የምጽፈው አሜሪካ በኤፍ ዋን (የተማሪ) ቪዛ ለምትማሩና በተማሪ ቲኤነት (በአስተማሪ ረዳትነት ሥራ) ላይ ዓይናችሁን ለጣላችሁ ነው። እኔን ማንም አልነገረኝም። ቢነግሩኝ ኖሮ ሰባት ሳምንት ያለ ደመወዝ አልከርምም ነበር።

የእኛ ቲኤነት ከተለመደው ትንሽ ይለያል። ሌላው የኮምፒውተር ትምህርት ቲኤ የተማሪው ኮድ ለምን እምቢ እንዳለ ያሳያል። እኛ ደግሞ ኮዱ ከሠራ በኋላ ማንን ሊጎዳ እንደሚችል ተማሪው እንዲያስብበት በየአሳይመንቱ ውስጥ ጥያቄ እናስገባለን፣ እናርማለን፣ ሴክሽን (የትንሽ ቡድን ክፍለ ጊዜ) እንመራለን። ሃርቫርድ በፈረንጆቹ 2017 ይህን ዓይነት ትምህርት ሲጀምር የፍልስፍና ሰዎችን ነው ወደ ኮምፒውተር ክፍል ያመጣው። ብራውን ዩኒቨርሲቲ ግን ራሳቸው የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ቲኤ ሆነው ይሠሩታል። የእኛም ትምህርት ቤት እንደ ብራውን ነው።

ማመልከቻው ቀላል ነው። ኮርሱን በጥሩ ውጤት መጨረስ፣ ሁለት ጥያቄ መመለስ፣ ሃያ ደቂቃ ቃለ መጠይቅ፣ አለቀ። መመሪያው ለማኅበራዊ ፍትሕ ያላችሁን ስሜት ግለጹ ይላል። አትግለጹ! ሁሉም ይገልጻል። ይልቅ አንድ የድሮ አሳይመንት አውጡና የትኛው ጥያቄ ተማሪ እንደሚያሰለች፣ በምን እንደምትተኩት ጻፉ። እኔን ያስቀጠረኝ እሱ ይመስለኛል። በፈረንጆቹ 2018 የወጣውን፣ ፊት አይተው ጾታ በሚለዩ ፕሮግራሞች ላይ የተሠራውን ጥናትም ባትጠቅሱት ጥሩ ነው። ጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ፣ ነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ግን ቢበዛ 0.8 በመቶ ይሳሳታሉ ያለው ነው። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዷ አዲስ አበባ ተወልዳ ያደገችው ትምኒት ገብሩ ስለሆነች ኩራቱ ይገባኛል፣ እኔም በኩራት አንስቼዋለሁ። ጠያቂዎቼ ግን የዚያን ቀን ስንተኛ ጊዜ እንደሰሙት እንጃ፣ አንደኛዋ ላፕቶፗን ማየት ጀመረች።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ።

ፓስፖርቴ ላይ የእኔ፣ የአባቴና የአያቴ ስም በአንድ መስመር ተደርድሯል። እዚህ አገር ደግሞ ስም ለሁለት ካልተከፈለ አይሆንም። ስለዚህ ቪዛዬ ላይ ሦስታችንም የቤተሰብ ስም ቦታ ገባንና የመጀመሪያ ስም ቦታው ላይ ኤፍ፣ ኤን፣ ዩ የሚሉ ፊደላት ተቀመጡ። የመጀመሪያ ስሟ አይታወቅም ማለት ነው። እናቴ ጎረቤት እስኪሰማ ስትጣራው የኖረችው ስም!

ዩኒቨርሲቲ ሳመለክት ግን የእኔን መጀመሪያ፣ የአባቴን መጨረሻ አድርጌ ሞልቻለሁ። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ ሲስተም አንድ ሰው ነኝ፣ በቪዛው ሌላ ሰው። የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ገና አንደኛ ዓመት ሳለሁ ስሞችሽ አይገጥሙም፣ ነይና እናስተካክለው ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ፈተና ላይ ነበርኩ። በኋላ እሄዳለሁ ብዬ ኢሜይሉን ዘጋሁት። ዛሬም ሳስታውሰው ራሴን በጥፊ ማለት ያምረኛል።

ሥራው ሲገኝ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር (መንግሥት ለደመወዝና ለግብር የሚሰጠው መለያ) ያስፈልጋል። ለዚያም ከቀጣሪው ክፍልና ከውጭ ተማሪዎች ቢሮ አንድ አንድ ደብዳቤ ይዛችሁ ወደ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ትሄዳላችሁ። ሄድኩ። ተራዬን ስጠብቅ ሴትዮዋ «ፍኑ!» ብላ ጮኸች። አጠገቤ ያለውን ሰውዬ አየሁት፣ እሱም አየኝ። ደግማ ጠራች። በሦስተኛው የአያቴን ስም አጣማ ስትጨምርበት ነው ኤፍ፣ ኤን፣ ዩን አንድ ላይ አንብባ ፍኑ ያለችው እኔን መሆኑ የገባኝ።

ደብዳቤዎቼን አየቻቸው። አንዱ በትምህርት ቤት ስሜ፣ አንዱ በቪዛ ስሜ። የሁለት ሰው ወረቀት ነው ብላ መለሰችኝ። ተመልሼ ቀጣሪውን ክፍል አስለወጥኩ፣ ያውም ፈራሚዋ ፈቃድ ላይ ሆና ዘጠኝ ቀን ጠብቄ። በሁለት አውቶቡስ እንደገና ሄድኩ። ቁጥሩ በመጨረሻ መጣ። ተመስገን ስል የትምህርት ቤቱ ደመወዝ ክፍል በካርዱ ያለው ስም ከእኛ ጋር አይገጥምም፣ ሲስተሙ አይቀበልም አለ። ሲስተሙ! በዚያው ሳምንት እኮ ሴክሽን ላይ ቆሜ፣ ሲስተሙ ነው የሚል ሰው ስትሰሙ ያንን ሲስተም ማን እንደዚያ እንዲሆን እንደወሰነ ጠይቁ እያልኩ ነበር የማስተምረው።

የቤት አከራዬን ጋሼን በኪራዩ እንዲታገሡኝ ስለምናቸው ሳቁ። «እኔን ሠላሳ ዓመት በአባቴ ስም ነው የሚጠሩኝ ልጄ። አባቴ አሜሪካን ሳያዩ እዚህ ታዋቂ ሆኑልሽ።» ታገሡኝ፣ እግዜር ይስጣቸው።

እና ምክሬ፦ ለሥራው ከማመልከታችሁ በፊት ስማችሁን አስተካክሉ። ከመቀጠራችሁ በፊት፣ ከተቀጠራችሁ በኋላ አይደለም። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የትምህርት ቤት ሲስተም፣ ሁሉም ላይ አንድ ዓይነት ይሁን፣ ያስጠላ እንኳ ቢሆን። የቲኤዎች ሥልጠና ወረቀት ሰነዶቻችሁን በመጀመሪያው የትምህርት ሳምንት አምጡ ይላል። እሱን አትስሙ። ቁጥሩን ሥራው ሊጀምር 30 ቀን ሲቀረው ጀምሮ ማመልከት ይቻላል፣ በዚያው ቀን ሂዱ። ቁጥሩ እስኪመጣ መሥራት አይከለከልም፣ ይህ እውነት ነው፤ ግን መሥራትና መከፈል ለየቅል መሆናቸውን እኔን ጠይቁኝ። በትምህርት ወቅት በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ መሥራት ደግሞ በጭራሽ፣ ቪዛችሁን ነው የምትበሉት።

ሥራው ራሱስ? ወደድኩት። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴክሽኖቼ ስብከት ነበሩ፣ ተማሪው ይህ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ይላል እንጂ አይሰማም። በሦስተኛው ንዴቴን ይዤ ገባሁ። የዚያ ሳምንት አሳይመንት የመመዝገቢያ ፎርም መሥራት ነበር። የሁሉንም ኮድ በእኔ ስም ሞከርኩት፣ መጀመሪያ በአንድ ስም ብቻ፣ ከዚያ በራሳችን ፊደል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መዝገብ) ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፣ የእነሱ ኮድ ግን ከኤ እስከ ዜድ ካልሆነ በቀይ «ትክክለኛ ስም ያስገቡ» ይላል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ ሁሉም እጅ ማውጣት ጀመረ፣ አንዱ አባቱ ኢንዶኔዥያዊ ነው፣ ስሙ አንድ ቃል ብቻ። ሌላው ኮዱን እዚያው እያስተካከለ «ታዲያ አያትሽን የት ላስገባቸው?» አለኝ።

ሰባተኛው ሳምንት ላይ ደመወዙ ተጠራቅሞ ገባ። ወረቀቱ ላይ «ለፍኑ» ይላል።