የኮምቦልቻ ሙቀት፣ ኤር ኮንዲሽነሬና ደብተሬ፦ የሁለተኛው ዓመት ማስታወሻ

አምና በዚህ ሰሞን "ኤር ኮንዲሽነር ገዛሁ፤ የመብራት ካርድ ጨረሰኝ" እያልኩ ያማረርኩት ሰው ነኝ። ዘንድሮ ምሬቱን ትቼ ደብተር ይዣለሁ። ከሚያዝያ መጨረሻ ጀምሮ ማሽኑን ከማብራቴ በፊትና ካጠፋሁ በኋላ የቆጣሪውን ቁጥር፣ የሳሎኑን ሙቀትና የዕለቱን ጥፋቴን እጽፋለሁ። ጥፋቱ የሚጻፍበት ዓምድ ከሌሎቹ ቀድሞ ሞልቷል።

ለማታውቁኝ፦ ተወልጄ ያደግሁት ደሴ፣ ጦሳ ሥር ነው፤ ጋቢ ከትከሻ የማይወርድበት ሰፈር። ሥራ ወደ ኮምቦልቻ ሲያወርደኝ ሐረጎ ቁልቁለት ላይ ያወለቅሁትን ጃኬት መልሼ የለበስኩት ለበዓል ወደ ቤተሰብ ስወጣ ብቻ ነው። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ገደማ። በመኪና አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው፣ የአየሩ ልዩነት ግን የሌላ አገር ያህል ነው። የማሽኑ መመሪያ "በበጋ እንዲህ አድርጉ" ይላል፤ እኛ ዘንድ ግን ሙቀቱ የሚጠናው የበጋው ጭራ ላይ፣ ክረምቱ ሊገባ ሲያኮበኩብ፣ ግንቦትና ሰኔ ውስጥ ነው። ቀኑ 30 ዲግሪን ይነካል፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ ሳሎን ደግሞ የራሱን ይጨምራል።

ማሽኑን የገዛሁት ከተማውን ለቆ ከሚሄድ ቤተሰብ ነው። 12,000 ቢቲዩ (የማቀዝቀዝ ጉልበት መለኪያ ነው)፣ ኢንቨርተር የሌለው፣ ኮምፕሬሰሩ (ጋዙን የሚጨምቀው ሞተር) ወይ ሙሉ ኃይሉን ይሠራል ወይ ይቆማል። ይህን ሳላውቅ አምና በሙሉ ሪሞቱን 18 ላይ አድርጌ "ቶሎ ያቀዝቅዝልኝ" እል ነበር። 18 ላይ ቢሆን 26 ላይ ቢሆን ማሽኑ የሚያወጣው ቅዝቃዜ ያው አንድ ነው፤ ቁጥሩ የሚነግረው መቼ እንደሚያርፍ ብቻ ነው። የእኔ ሳሎን 18 ዲግሪ ደርሶ ስለማያውቅ ማሽኑም አርፎ አያውቅም። ዘንድሮ 26 ላይ አድርጌ ተራ ማራገቢያ አስነሣሁበት። ባለቤቴ እስካሁን ለውጡን አላወቀችም፤ እዚህ ካላነበበች አትነግሯት።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ከታላቅ እህቴ ነው። ጂዳ ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ ነው የተመለሰችው። ግንቦት መግቢያ ላይ ልትጠይቀን መጥታ ገና ከመቀመጧ ወደ ማሽኑ አንጋጠጠች።

"ማጣሪያውን መቼ ነው ያጠብከው?"

"የቱን ማጣሪያ፣ እታለም?"

ዝም ብላ ወንበር ሳበች። የፊት ክዳኑን በሁለት አውራ ጣቷ ገፋ አድርጋ ከፈተችና ሁለት የወንፊት ክፈፎች አወጣች። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዘችው፤ ብርሃን አላሳለፈም። አቧራ ብቻ ቢሆን ባልገረመኝ፤ ጥፍር ሲነካው የሚጣበቅ፣ ቡኒ፣ ሰም የመሰለ ነገር ነበር። አሸተተችው። "ዕጣን ነው" አለች። እውነቷን ነው። እኛ ቤት ቡና በቀን ሦስት ጊዜ ይፈላል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ቡና ያለ ዕጣን አይታሰብም። ጭሱ ማጣሪያው ላይ እየተለጠፈ፣ አቧራው በላዩ ላይ እየተኛ፣ ከአምና ጀምሮ ተደራርቦ ኖሯል። ለብ ባለ ውኃና በሳሙና ዘፍዝፋ፣ በለስላሳ ብሩሽ አሽታ፣ ፀሐይ ሳይሆን ጥላ ላይ አደረቀችው፤ ፀሐይ ፕላስቲኩን ያጣምመዋል አለች። "ጂዳ በየሳምንቱ ነበር የማጥበው፤ አብሽር፣ አንተ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይበቃሃል" ብላ ቡናዋን ጠጣች።

ቡናው ካነሣሁት አይቀር አንድ ነገር ልናገርና ልለፍ። እንዲህ ያለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ማሽን ከውጭ አየር አያስገባም፤ የክፍሉን አየር ራሱን እየሳበ አቀዝቅዞ ይመልሰዋል። እኔ ይህን ባለማወቄ ቅዝቃዜው እንዳያመልጥ በሩንም መስኮቱንም ዘግቼ፣ ከሰሉ እዚያው ሳሎን ውስጥ እየነደደ ቡና ስንጠጣ ከርመናል። የከሰል ጭስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፤ ሰው ይገድላል። አሁን ቡና ሲቀርብ ማሽኑ ይጠፋል፣ መስኮት ይከፈታል፤ ወይም ከሰሉ በረንዳ ይወጣል።

ማጣሪያው ከመታጠቡ በፊትና በኋላ የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ማሽኑ አየር የሚስብበትና የሚተፋበት ላይ አድርጌ ለካሁ። በፊት ሲስብ 29፣ ሲተፋ 23 ነበር። ከታጠበ በኋላ 29 ስቦ 18 ይተፋ ጀመር። ከስድስት ዲግሪ ወደ አሥራ አንድ ማለት ነው። ያንን ቀን በቀይ እስክሪብቶ አከበብኩት።

መለኪያው ሌላም ነገር አስተማረኝ። የማሽኑ ጀርባ ላይ የተለጠፈው ጉልበት የሚለካው ለባሕር ጠለል አካባቢ አየር ነው። በኮምቦልቻ ከፍታ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ የማሽኑ ማራገቢያ በአንድ ዙር የሚገፋው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም ክብደቱ ያንሳል፤ ስለዚህ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል። ጂዳ ወደብ ላይ የሚሠራ ማሽን እዚህ ሲመጣ ትንሽ ይደክማል ብላችሁ ያዙት። መፍትሔው ማራገቢያውን "ዝቅተኛ" ላይ አለማስተኛት ነው። ድምፁ ይረብሻል፤ እኔ ለምጄዋለሁ።

አሁን ስለ ጋዝ። አምና አንድ ባለሙያ እየመጣ "ጋዙ አልቋል" ብሎ ሞልቶልኝ ሄዷል፤ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። ጋዝ እንደ ናፍጣ ነድዶ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ የሚዞር ነው። ከጎደለ የሆነ ቦታ ፈስሷል ማለት ነው። ዘንድሮ ሌላ ባለሙያ አመጣሁና "ሳትሞላልኝ በፊት ቀዳዳውን አግኝልኝ" አልኩት። የሳሙና አረፋ በብሩሽ መገጣጠሚያዎቹ ላይ ቀባ። ከውጪው ክፍል ጋር በሚገናኘው የመዳብ ቧንቧ ዳዶ ላይ አረፋው እንደ ጥጥ ፍሬ ቀስ እያለ አበጠ። ዳዶውን ፈትቶ፣ የቧንቧውን አፍ ቆርጦ እንደ አዲስ አሰፋው፤ ከዚያ በሚዛን መዝኖ ሞላ። ሳይመዝን "በልምድ" ለሚሞላ ሰው ከእንግዲህ በሬን አልከፍትም።

የውጪው ክፍል የእኔ ውርደት ነው። የጓሮው ምዕራብ ግድግዳ ላይ ነው የተሰቀለው፤ ሥሩ የባለቤቴ የዶሮ ቤት አለ። የጀርባውን ስስ ቆርቆሮ ክንፎች ስመለከት ላባ ለብሰዋል። ብሬከሩን አጥፍቼ፣ ላባውን በእጄ ለቅሜ፣ በቀስታ በሚፈስ የጎማ ውኃ አጠብኩት። እስከዚህ ጥሩ ነበር። ቀጥሎ "ፀሐይ እንዳይመታው" ብዬ በሦስት ጎን በቆርቆሮ አጠርኩለት። በማግሥቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ኮምፕሬሰሩ ቆመ። ለካ የተፋውን ትኩስ አየር አጥሩ መልሶ ያስተነፍሰው ነበር። እጄን አጥሩ ውስጥ ሳስገባ የዳቦ ምድጃ ነው የመሰለኝ። የዚያኑ ቀን አፈረስኩት። አሁን ከላይ ብቻ፣ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሰፋ ያለ ጥላ አለው፤ ጎኖቹ ክፍት ናቸው። ጥላው ያመጣው ለውጥ ደብተሬ ላይ የሚታይ አይደለም፤ የላባው መነሣት ግን ይታያል። የዶሮ ቤቱ ጉዳይ አሁንም በድርድር ላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሠራልኝ ግን ማሽኑን ያልነካሁበት ሥራ ነው። አንድ ከሰዓት መሰላል ላይ ወጥቼ ኮርኒሱን በመዳፌ ነካሁት፤ ሻይ የተቀዳበት ብርጭቆ ይመስል ነበር። ቆርቆሮውና ኮርኒሱ መካከል የታፈነው አየር ቀኑን ሙሉ ከላይ ያሞቀናል፤ ማሽኑ ከታች ይታገላል። አናጺ ጠርቼ በሁለቱ የጣሪያ ጫፎች መተንፈሻ አስከፈትኩ፣ ወፍ እንዳይገባ ሽቦ አስመታሁበት። የምዕራቡ መስኮት ወፍራም መጋረጃ ለበሰ። ደግሞም ኮምቦልቻ ጂዳ አይደለም፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መስኮቶቹን በወንፊት ሽቦ ከፍተን እናድራለን፤ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግድግዳው እንደቀዘቀዘ እንዘጋለን። ማሽኑ ድሮ ከቀኑ 7 ሰዓት የሚጀምረውን አሁን 9 ሰዓት ላይ ይጀምራል። እህቴ ይህን ስትሰማ ሳቀች፤ ጂዳ ሌሊት መስኮት መክፈት እሳት ማስገባት ነው አለች።

ቁጥሩ እነሆ፤ የለካሁት ፍሪጁን ነቅዬ ነው። አምና በዘልማድ አደርገው እንደነበረው 18 ላይ አድርጌ፣ ማጣሪያው ሳይታጠብ፣ በአንድ ከሰዓት 5.5 ኪሎዋት ሰዓት በላ። ሰኔ አጋማሽ ላይ በተመሳሳይ ሙቀት 2.4 ሆነ። የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ፍጆታ ሲጨምር አብሮ ስለሚጨምር፣ ካርዱ ላይ የሚታየው ቁጠባ ከዚህም ይሻላል።

የምጣድ ቀን ለብቻው ይቆጠራል። የእኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል፤ የማሽኑን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ሙቀቱንም በወጥ ቤቱ በር ወደ ሳሎን ይልካል። ሰፈሩ ሁሉ ሲጋግር ቮልቴጁ ከ220 ወርዶ 180 ሲደርስ አይቻለሁ፤ ያኔ ኮምፕሬሰሩ ለመነሣት እያቃሰተ ያቅተዋል፤ በዚያ ላይ ደጋግሞ ማስነሣት ያቃጥለዋል። ስለዚህ እንጀራ ጠዋት ይጋገራል፣ ማሽኑ ከሰዓት ይሠራል። መብራት ሄዶ ሲመጣም፣ በቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት እስኪረጋጋ ቢያንስ ሦስት ደቂቃ እጠብቃለሁ።

ጨርቃ ጨርቅ ለሚሠሩ የከተማችን ልጆች አንድ ጨዋታ፦ "ኤር ኮንዲሽኒንግ" የሚለውን ስም እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው ስቱዋርት ክሬመር የተባለ አሜሪካዊ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ መሐንዲስ ነው። ጭንቀቱ ለክሩ እንጂ ለሰው አልነበረም፤ አየሩ ሲደርቅ ክር ይበጠሳልና ወደ ፋብሪካው አየር እርጥበት ለመጨመር ይደክም ነበር። የእኔው ማሽን በተቃራኒው እርጥበቱን ከአየሩ ያወጣል፤ እኔም ባልዲ ደቅኜለታለሁ።

ባልዲውን መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ግድግዳው እንዳይረጥብ ነበር። ግንቦት መግቢያ ላይ በአንድ ከሰዓት አንድ የሻይ ብርጭቆ እንኳ አይሞላም ነበር፤ አየሩ ደረቅ ነው። ከሰኔ 15 በኋላ ግማሽ ሊትር፣ ከዚያ አንድ፣ ሰኔ 27 ቀን ሦስት ሊትር ተኩል። ሰማዩ ገና ጥርት ብሎ ሳለ ለባለቤቴ "ዝናቡ ደርሷል" ብያት አላመነችኝም። በሦስተኛው ቀን ሌሊት ቆርቆሮው ሲንጫጫ ተነሥቼ ባልዲውን አነሣሁና ውኃውን ጤና አዳሟ ሥር ደፋሁት።